አንድ ልጅ በሦስት ሪፖርት

ፓርላማው ስለ ሥራ ሲጠይቅ ጥያቄው አንድ ነው። ስንት?

መልስ አይጠፋም። ቁጥሩ በሚሊዮን ነው። ከዕቅዱ አንጻር በመቶኛ ይሰላል፣ ቋሚና ጊዜያዊ ተብሎ ይከፈላል፣ የሴቶችና የወጣቶች ድርሻ ይነገራል። ቋሚ ኮሚቴው «በጥንካሬ የታዩ» የሚላቸውን ያመሰግናል፣ «ትኩረት የሚሹ» የሚላቸውን ያሳስባል፣ ስብሰባው ያልቃል። ማታ ዜናው ይነበባል። በማግስቱ ጠዋት እዚህ ጎንደር መናኸሪያ ብትሄዱ የመተማው መኪና ሞልቶ፣ ረዳቱ አሁንም «የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል።

እኔን የሚቆጨኝ ከ«ስንት» በኋላ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው። እሺ፣ ይህን ያህል ሥራ ተፈጠረ እንበል። ከዓመት በኋላ ስንቱ አለ? ልጆቹስ አሁን የት ናቸው?

ስለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ልንገራችሁ። ስሙ ይቅር፣ እናቱ እዚሁ ናት። ከቴክኒክና ሙያ በብረታ ብረት ተመርቆ ወጣ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተደራጀ። ሥራ ፈላጊ ተብለው ተመዘገቡ፣ አጭር ሥልጠና ወሰዱ፣ ስንት ደጅ ከጠኑ በኋላ ሼድ አገኙ፣ ብድርም ተለቀቀላቸው። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ «አምስት ቋሚ የሥራ ዕድል» ማለት እነሱ ናቸው። ውሸት የለበትም። ሠርተዋል። የእኛ ግቢ በር የእነሱ እጅ ሥራ ነው፣ እስካሁን አልተንጋደደም። ከዚያ ብረት ተወደደ። መብራቱ እንደምታውቁት ነው፤ ብየዳ ደግሞ ያለ መብራት አይሆንም። የብድሩ መክፈያ ግን ቀኑን ሳይስት ይመጣል። አንዱ ባጃጅ ተከራይቶ መንዳት ጀመረ። ሌላው አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄደ። የእኛው ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ እዚያ ደግሞ ለወቅቱ ሥራ የገባ ሰው ጊዜያዊ የሥራ ዕድል አገኘ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። አጨዳው አለቀ። ከመተማ ዮሐንስ ገላባት በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለችው አንዲት ድልድይ ናት። ተሻገረ። ካርቱም ገብቶ ብየዳውን ቀጠለ፣ ለእናቱም ይልክ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7፣ በቀዳም ሹር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በዚያው በመተማ በኩል ባዶ እጁን መጣ። አሁን ደግሞ ስሙ ከስደት ተመላሽ ሆነ። ለተመላሾች መልሶ ማቋቋሚያ እንዲመዘገብ ተነገረው። ተመዘገበ፤ እንደገና ይደራጃል ማለት ነው።

ይኸው፣ አንድ ልጅ ነው። ሁለቴ ሥራ ያገኘ፣ አንዴ የተመለሰ ሆኖ በሦስት ወረቀት ላይ አለ። ሰውዬው ራሱ ግን ጎንደር የለም። የት እንደሄደ እናቱን ስንጠይቃት ወሬ ታስቀይራለች።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ ስታቲስቲክስ አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እኮ ጥያቄዬም እሱ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ልጆች ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ወረቀት ለፓርላማው ሲቀርብ አይቼ አላውቅም። የሚቀርበው የገቢው ቁጥር ነው። የወጪው የለም። አንድ ሱቅ በዓመት ስንት ዕቃ እንደገባለት ብቻ መዝግቦ የወጣውን ባይጽፍ ባለቤቱ ማታ ምኑን ይቆጥራል?

ሌላው ችግር ጉዳዩ መከፋፈሉ ነው። ምክር ቤቱ ሥራውን በቋሚ ኮሚቴዎች ነው የሚሠራው። የሥራ ስምሪትና ክህሎት ጉዳይ ለአንዱ ኮሚቴ ነው። ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ለሌላው ነው። ውጭ ሀገር ያለው ዜጋ ጉዳይ ደግሞ የውጭ ግንኙነትን ለሚከታተለው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሚኒስቴር ይጠራል፣ የራሱን ሪፖርት ይሰማል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ስለ ተፈጠረው ሥራ ይናገራል። የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ስለ «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ እና ወደ ሥራ ስለተመለሱ ፋብሪካዎች ይናገራል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከእስር ተፈትተው ስለተመለሱ ዜጎች ይናገራል። ሦስቱም በየራሳቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ የሥራ ሪፖርቱ ላይ ምን ሆነ፣ የሥራ ሪፖርቱ አማረ በተባለበት ዓመት ከሳዑዲ እስር ቤት የሚመለሰው ለምን አልቀነሰ፣ ብሎ ሦስቱን ሚኒስትሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ የሚጠይቅ መድረክ የለም። ቢኖር ዜናውን እኔም ቡናዬን አስቀድሜ አፍልቼ እጠብቀው ነበር።

ሥልጣኑ ጠፍቶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ 17 ላይ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ መጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመር እንደሚችል ተጽፏል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ 18 ደግሞ ይበልጣል። ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ ምክር ቤቱ ይወያያል፣ መስሎ የታየውን እርምጃም ይወስዳል። በ547 ወንበር አንድ ሦስተኛ ማለት 183 ሰው ነው። 183 ሰው ቀላል አይደለም፣ በተለይ ወንበሩ ከሞላ ጎደል የአንድ ፓርቲ በሆነበት። ግን የዚሁ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ደግሞ አባሉ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ጋ የለም። እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቀርቡባቸውን ቀናት ሁላችንም እናያለን። ጥያቄዎቹ በተከታታይ ይነበባሉ። ብዙዎቹ በምስጋና ይጀምራሉ፣ መሃል ላይ አንድ የአካባቢ መንገድ ይጠየቅባቸዋል፣ በምስጋና ያልቃሉ። መልሱም ተጠቃሎ ለሰዓታት ይመጣል። መልስ ላይ ተመልሶ «እሱን አይደለም የጠየቅሁት» የሚል ሰው እምብዛም አይታይም። ምርመራ ግን ያለ ሁለተኛ ጥያቄ ምርመራ አይሆንም። የሰፈር ሽማግሌ እንኳ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ አንዴ ጠይቆ አይተውም።

ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቅባቸው ይፋዊ መድረኮች አሉ። እነዚያን ስከታተል ቆይቻለሁ። እዚያ ላይ ነገሩ ይለያል። ወረቀት አለ። ይህ ሒሳብ ለምን አልተወራረደም፣ ይህ ዕቃ ለምን መጋዘን ውስጥ ተበላሸ፣ ይህ ውል ያለ ጨረታ ለምን ተሰጠ ይባላል። ኃላፊው ላብ ላብ ይለዋል። «ትኩረት ሰጥተን እንሠራለን» ብሎ ማምለጥ ይከብደዋል፤ ኦዲተሯ እዚያው ተቀምጠዋል። የዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢነት በ2014 ሥራ በጀመረው ምክር ቤት መጀመሪያ ላይ ለተቃዋሚ አባል ተሰጥቶ ነበር፣ ለአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) ክርስቲያን ታደለ። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ ታሰረ። ስለ ቁጥጥር ስናወራ እሱን መዝለል አልችልም፤ ዘልዬው ብሄድ እናንተም ትታዘቡኛላችሁ።

የኦዲቱ መንገድ ግን ለሥራውም ይሆናል። የክዋኔ ኦዲት የሚባል ነገር አለ፤ ገንዘቡ በደረሰኝ መውጣቱን ሳይሆን የታሰበለትን ነገር መሥራቱን ያያል። ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተብሎ 10 ቢሊዮን ብር መመደቡን ታስታውሳላችሁ? በ2008 ክረምት እዚህ ጎንደርም ሌላውም ጋ ወጣቱ አደባባይ ከወጣ በኋላ የመጣ ነው። በጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነበር። በእሱ ከተቋቋሙት ኢንተርፕራይዞች ዛሬ ስንቶቹ በራቸው ክፍት ነው? ይህን ለማወቅ ተአምር አያስፈልግም። ሥራ ፈላጊው አሁን በዲጂታል ነው የሚመዘገበው፣ ስልኩ አለ፣ የፋይዳ መታወቂያውም አለ። ከየከተማው ዕጣ አውጥቶ አንድ ሺህ ሰው ላይ መደወል ነው። «ሰላም ነው? ዓምና ሥራ አግኝተዋል ተብለው ተመዝግበው ነበር፣ አሁንም እዚያው ነዎት?» ስልኩን የሚያነሳው ሰው የሚሰጠው መልስ ከሚሊዮኑ ቁጥር የበለጠ ይነግረናል። ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም» ካለም እሱም መልስ ነው።

ወደ ስደቱ ልምጣ።

በሥራ ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ የተፈጠረው ሥራ ሲነገር የሀገር ውስጡና የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪቱ አንድ ላይ ይነገራል። ማለትም አንዲት የበለሳ ልጅ በኮንትራት ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ የሥራ ዕድል ተፈጥሯል ይባላል። ያቺው ልጅ በመተማ ወይም በጂቡቲ በኩል በራሷ ብትሄድ ደግሞ ሕገወጥ ስደት ነው። ሕጋዊው መንገድ ይሻላል፣ በእሱ አልከራከርም። ውል አላት፣ ኤምባሲው ያውቃታል። ግን ፓርላማው ሁለቱን ቁጥሮች ለይቶ ማየት አለበት። እዚህ ሀገር ውስጥ የሚቆም ወንበር ፈጠርን ማለትና እዚያ ላለ ወንበር ሰው ላክን ማለት አንድ አይደለም። በ2015 ወደ ሳዑዲ እስከ 500 ሺህ የቤት ሠራተኞች የመላክ ዕቅድ መኖሩ ሲሰማ ክልላችንም ሴቶችን ይመለምል ነበር። በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊገቡ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ተኩሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሞታቸውን ዘገበ። ሳዑዲ አስተባበለች፤ የእኛ መንግሥት ከእነሱ ጋር አብሬ አጣራለሁ አለ። ማጣራቱ የት ደረሰ? ይህ ጥያቄ በየስብሰባው መጀመሪያ ላይ፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ፣ መነሳት ነበረበት።

ከዚያ በፊትም ታሪክ አለን። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ ታገደ። ወዲያው ሳዑዲ ማባረር ጀመረችና በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው እስከ 2010 ድረስ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሆነ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። የኤርፖርቱ በር ሲዘጋ የመተማው በር ተከፈተ። ደላሎቹ ያኔ ነው የደለቡት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገ ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል፤ እና አስፈጻሚው ለአራት ዓመት ይህን በር ሲይዘው ፓርላማው በየዓመቱ «እገዳው ሰው አዳነ ወይስ መንገድ አስቀየረ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባ ነበር። እገዳው ላይ እያለ 923/2008 የሚባለው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ወጣ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው የሚል መስፈርት ይዞ መጣ። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ከሰፈራችን ተነስተው በእግር የሚሄዱት እኮ ብዙዎቹ ስምንተኛ ያልደረሱት ናቸው። በ2013 በአዋጅ 1246 ተሻሻለ። ማሻሻሉ ጥሩ፣ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አዋጁ ማንን ውጭ እንዳስቀረ የተጻፈ ነገር ቢኖር ለቀጣዩ ማሻሻያ በጠቀመ።

ደላላውን በተመለከተ ሕጉ ከባድ ነው። አዋጅ 1178/2012 ላይ ሰው የሚነግድና የሚያሻግር ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ቀላል አይደለም። ችግሩ ደላላው ጥቁር መነጽር ያደረገ ባዕድ አለመሆኑ ነው። የአክስት ልጅ ነው። ቀድሞ የሄደ ጓደኛ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚያወራ ልጅ ነው። ወላጆች በሬ ሸጠው፣ ቤት አስይዘው የሚከፍሉት ለእሱ ነው፣ ሲታሰርም የሚያማልዱለት እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ልጃቸው ሊቢያ ላይ በእሱ እጅ ነው። ይህን የማያውቅ ኮሚቴ ስንት ደላላ ተያዘ ብሎ ጠይቆ ቁጥር ይዞ ይመለሳል።

አሁን ኢንዱስትሪውን እንይ፤ ምክንያቱም የሚሄደው ሰው የሚያነፃፅረው ከዚህ ጋር ነው። በ2008 ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። ከዚያ ኮምቦልቻ መጣ፣ ደብረ ብርሃን መጣ። የመነሻ ደመወዙ ግን በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፣ በዓለም ልብስ ስፌት ከመጨረሻዎቹ ረድፍ። የቤት ኪራይ ከፍሎ አይተርፍም። ልጆቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በ2014 ታኅሣሥ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ አስወጣችን፣ አንዳንድ ኩባንያዎችም ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ፓርላማው ራሱ ያጸደቀው አዋጅ ነው። ዓመታት አለፉ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ በየሜይ ዴይ ይጠይቃል፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን የለም። የራሱን አዋጅ ዕጣ የማይከታተል ምክር ቤት የማንን ሊከታተል ነው?

ከዚህ ላይ የምንዛሪውን ነገር ጨምሩበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ስለ ላኪዎች፣ ስለ አስመጪዎች፣ ስለ ነዳጅ ብዙ ተወራ። ስለ ስደት ግን ማንም ሲያወራ አልሰማሁም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። 1 ሺህ ሪያል የምታገኝ ልጅ ያኔ ወደ 15 ሺህ ብር ነበር የምትልከው። ዶላር 130 ሲገባ ያው 1 ሺህ ሪያል ወደ 35 ሺህ ብር ሆነ። እዚያ ያለችው ልጅ አንድ ሪያል አልተጨመረላትም። እዚህ ያለችው የስፌት ፋብሪካ ሠራተኛም ደመወዟ እጥፍ አልሆነም። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ነው የሰፋው። የገንዘብ ፖሊሲ የስደት ፖሊሲም ነው፤ ግን ብሔራዊ ባንክ ሲጠየቅ የሥራ ስምሪት ኮሚቴው እዚያ የለም።

ጎንደር ደግሞ የራሷ አላት። የፌዴራል ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻና ደብረ ብርሃን ሲሠራ እኛ ጋ አልመጣም። ያለን ዳሽን ቢራና የብቅል ፋብሪካው ናቸው፣ ሌሎችም ትንንሾች አሉ። አዘዞ ላይ መሬት ወስዶ አጥር አጥሮ የተቀመጠ ባለሀብት ደግሞ ሞልቷል፤ አጥር ከሥራ ከተቆጠረ እኛን የሚያህል የለም። ለምን አልሠራህም ሲባል አንዱ መልስ ውኃ ነው። የመገጭ ግድብ ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል። ለከተማው መጠጥ ውኃ፣ ለደንቢያ ሜዳ መስኖ ነበር የታሰበው። በየዓመቱ ኮሚቴ ይመጣል፣ ቆብ አድርጎ ያያል፣ መቶኛ ይነገረዋል፣ ይሄዳል። ግድቡ ቢጠናቀቅ ስንት ሄክታር ይለማል የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ባለመጠናቀቁ የደንቢያ ልጅ የበጋውን ወራት የት ያሳልፋል የሚለውን ግን የሚጠይቅ አልሰማሁም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ይህንን ነው።

የት እንደሚያሳልፍ እኔ ልንገራችሁ፦ በረሃ ነው። ቋራ፣ መተማ፣ ሁመራ። የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ። በየዓመቱ ከደጋው እየወረደ የሚያርመውና የሚያጭደው ወጣት ብዛት የትኛውም ፋብሪካ ከሚቀጥረው ይበልጣል ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ይህ ነው የእኛ ትልቁ «ኢንዱስትሪ»። ደመወዙ በቃል ነው። መኝታው ከዛፍ ሥር ነው። ሰሊጡ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የሀገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ያመጣ ነው፣ ግን በጆንያ ተሞልቶ እንዳለ ይወጣል። መፈልፈያው፣ ዘይቱ፣ ጣሂናው ሌላ ሀገር ነው የሚሠራው። ሥራውም እዚያው ይቀራል።

እዚያ ከዛፍ ሥር የሚተኛው ልጅ ሌላም ነገር ይዞ ይመለሳል። ካላአዛር። የአሸዋ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው፤ የምትወደው ደግሞ የዚያን አገር ግራርና በበጋ የሚሰነጠቀውን ጥቁር አፈር ነው። በሽታው ወዲያው አይታይም፣ ወራት ቆይቶ፣ ልጁ ደጋ ቤቱ ከገባ በኋላ ይነሳል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላአዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ የተመለሱ የወቅት ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ነው የሚገመተው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው የሌሽማኒያ ማዕከል የሚያክማቸውን ሰዎች ሄዳችሁ ብትጠይቁ ብዙዎቹ እነዚሁ ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ሥራ ፍለጋ የወረዱ። ይህ የጤና ሚኒስቴር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ነው የሚታየው። ለእኔ ግን የሥራ ሁኔታ ጉዳይ ነው። አጎበር የሰጣቸው አሠሪ ስንት ነው? የሠራተኛ ተቆጣጣሪ እዚያ እርሻ ረግጦ ያውቃል? «ጊዜያዊ የሥራ ዕድል» ተብሎ የተቆጠረው ሥራ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አንድ የፓርላማ አባል በጥቅምት ወር አንድ ሌሊት እዚያ አድሮ ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር። አጎበሩን እኔ እሰጠዋለሁ።

የክልላችንን ጦርነት ሳላነሳ ይህን ሁሉ ማውራቴን የታዘበ ይኖራል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን እናንተም እኔም እንኖረዋለን፣ መዘርዘር አያስፈልግም። መንገዱ ላይ እገታ አለ። ሆቴሎቻችን ከጥምቀት ሰሞን ውጭ ባዶ ናቸው፤ ስሜን ተራራ ቱሪስት የሚያስጎበኙ የነበሩ የደባርቅ ልጆች ሌላ ነገር እየሠሩ ነው፣ ወይም አይሠሩም። ስለ ሥራ የሚቀርብ ማንኛውም ሪፖርት በክልላችን ይህን እንዳልሆነ ቆጥሮ ካለፈ፣ ጠያቂው መጀመሪያ ማንሳት ያለበት እሱን ነው። ሰላም በሌለበት ወረዳ ሥራ ተፈጠረ ተብሎ የቀረበውን ቁጥር ማን ቆጠረው፣ እንዴት ሄዶ ቆጠረው? ይህቺ ጥያቄ ብቻ ግማሽ ቀን ትወስዳለች።

ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሰበሰበው። መሃል ላይ አንድ ወር ዕረፍት አለው፤ ያኔ አባላቱ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። እኛም ጋ ይመጣሉ። ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ የሚጠራው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው የሚጠራው ሰው ነው። ጥያቄው መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት ይሆናል፤ መልሱም «ይዘን እንሄዳለን» ነው። በዚህ ዓመት ግን ከእኛ ሰፈር ጥቂት ሰዎች አንድ ወረቀት ለማዘጋጀት ተስማምተናል። ዓምና በክፍለ ከተማችን ሥራ አገኙ ከተባሉት ውስጥ የምናውቃቸውን በስም እንጽፋለን፣ አጠገቡም አሁን የት እንዳሉ። ባጃጅ የሚነዳውን፣ በረሃ ያለውን፣ የሄደውን፣ እዚያው እየሠራ ያለውንም፤ እሱም አለና። እትዬ ጎረቤቴ የልጃቸውን ስም ለማስጻፍ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፣ ትናንት ግን «ጻፉት፣ ምን ያደርጉኛል» አሉ። ወረቀቱን ለተወካያችን በእጁ እንሰጠዋለን፣ ኮፒውን ደግሞ እናስቀራለን።

የስብሰባውን ቀን ቀድሞ የሰማ ካለ ይንገረኝ። ባለፈው የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው።